ዝግባው የተለካበት ቀን

ዋርካ ሜዳ በሚባለው ችግኝ ጣቢያ እያንዳንዱ ችግኝ የራሱ ቀን ነበረው። ኃላፊው አቶ ዘርጋው በየማለዳው በመደቦቹ መካከል ይንበረከኩና ቅጠሉን ገልብጠው፣ አፈሩን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው «ይሄ ዘንድሮ ይሂድ፤ ይሄ ይክረም» ይሉ ነበር። የከረመውን የወደቀ የሚለው ሰው አልነበረም።

እሳቸው ሲያርፉ ሥራውን የያዙት ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው። በዚያው ዓመት መመሪያ መጣ፦ ስምንት ወር የሞላው ችግኝ ሁሉ፣ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከወረዳ በሚላክ ለኪ በአንድ እንጨት ይለካል፤ ከምልክቱ በታች የቀረው ተነቅሎ ይጣላል።

ወይዘሮ ትርንጎን ያሳሰባቸው አንድ መደብ ነበር። አቶ ዘርጋው አልጋ ከመያዛቸው በፊት በእጃቸው ያፈሉት ዝግባ ስንዝር እንኳ አልሞላም።

«እትዬ፣ እኔ እንዳደረግሁት ያድርጉ» አላቸው የታችኛውን መደብ የሚጠብቀው አያልሰው። ባሕር ዛፎቹን አጠጋግቶ በጆንያ ዳስ ጋርዷቸዋል። ብርሃን ፍለጋ ሲንጠራሩ በሦስት ሳምንት ምልክቱን ያልፋሉ።

«ንፋስ ሲመጣስ?»

«ንፋሱ የሚመጣው ለኪው ከሄደ በኋላ ነው» ብሎ ሳቀ።

ወይዘሮ ትርንጎ ጆንያ ይዘው ከዝግባው ራስጌ ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ ጆንያውን አጣጥፈው መለሱት።

ለኪው ትሑት ወጣት ነበር። አንገታቸው የቀጠነው የአያልሰው ችግኞች አንድ ሳይቀር አለፉ። ዝግባው ጋ ሲደርስ እንጨቱን አቆመ፤ ምልክቱ ከችግኞቹ በላይ ቀረ። ወይዘሮ ትርንጎ አንዱን ችግኝ በጥንቃቄ አውጥተው አፈሩን አራገፉለት። ሥሩ የግንዱን ሦስት እጥፍ ይረዝማል።

«ይህንንም ይለኩት።»

ወጣቱ ቅጹን አገላበጠ። «እናቴ፣ የሥር ዓምድ የለውም።»

«ያዘጋጁት ሰዎች ዝግባ አይተው ያውቃሉ?»

«እኔም ገና ዛሬ ማየቴ ነው» አለና ጻፈ፤ መደቡ በሙሉ ወደቀ።

«የት እንደሚጣልስ ቅጹ ይላል?»

«እሱን አይልም» አለ፤ ቀና ብሎ ግን አላያቸውም።

«እንግዲያው እኔ እጥለዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ችግኞቹን ከነአፈራቸው በእንቅብ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ አቶ ዘርጋው ወዳረፉበት ወጡ። እዚያም አንድ በአንድ ጣሏቸው፤ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ እየቆፈሩ፣ ውኃ እያጠጡ።

ወገባቸውን ሊያቃኑ ቀና ሲሉ የለኪው መኪና ከቁልቁለቱ ሥር ወዳለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲታጠፍ አዩ። ከየገጠሩ የመጡ የስምንተኛ ክፍል ልጆች፣ አጭሩም ረጅሙም፣ የፈተና ቁጥራቸውን በእጃቸው ይዘው ተሰልፈዋል። በአጥሩ ዙሪያ እንቅብ ይዞ የቆመ ሰው አልነበረም።