ወንድሜን ያስረጀው ጫማ

ትናንት ከምሳ በኋላ የቀጠናውን ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድኖች ፍጻሜ በቴሌቪዥን እስክናይ ብዬ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩና፣ ይኸውላችሁ፣ ጉድ አየሁ።

በሕልሜ ከታናሽ ወንድሜ ከምንተስኖት ጋር ስታዲየም በር ላይ ቆሜ ነበር። ምንቴ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲወለድ ሻማ የያዝኩት እኔ ነኝና ማንም አይነግረኝም። በእውኑ ከሦስት ሳምንት በፊት ከብሔራዊ ቡድኑ ልምምድ «ዕድሜህ አልፏል» ብለው መልሰውታል። በሕልሜ ግን ገና አልመለሱትም፤ ዘጠኝ ቁጥር ማሊያውን ለብሶ ያበራል።

ተመልካቹ ሁሉ ቁምጣ ታጥቆ ሜዳ ውስጥ ይሯሯጥ ነበር። ተጫዋቾቹ ጥላ ፎቅ ተቀምጠው ቆሎ እየቆረጠሙ፣ ትኬት የቆረጥከው ልትራመድ ነው ወይ እያሉ ይሰድቡታል። ዳኛው አባ ኮዳ ነበር፤ ያ ሐዋሳ ዓሣ ገበያ የሚንጎራደደው መላጣ ወፍ። ማንም አልገረመውም። እኔም አልገረመኝም።

ከዚያ የየአገሩ ቡድን መጣ፣ የኛም የሌላውም። እያንዳንዱን ተጫዋች እጁን ይዞ የሚያመጣው የገዛ ልጁ ነው። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ አንድ በረኛ ነበር። ሴት ልጁ ንፍጡን ጠረገችለትና ከማያውቀው ሰው ጋር እንዳይወጣ አደራ ብላ ለአሠልጣኙ አስረከበችው።

የዕድሜ ምርመራ ተጀመረ። በእውኑ የእጅ አንጓ አጥንት በመሣሪያ ፎቶ ያነሣሉ አይደል? እዚያ ሐኪሙ እጅ የሚባል ነገር ዞር ብሎም አላየ። የምንቴን ጫማ አስወለቀና ሶሉን ገልብጦ አነበበ።

«አርባ አንድ» አለ። «የአርባ አንድ ዓመት ሰው ከልጆች ጋር ሲጋፋ አያፍርም?»

«ዶክተር፣ እሱ የጫማው ቁጥር ነው።»

«ታዲያ ዕድሜ ቁጥር አይደል?»

ዞር ብዬ ባይ ጢማሞቹ ሁሉ የሕፃን ጫማ ጣታቸው ጫፍ ላይ አንጠልጥለው ተሰልፈዋል። በረኛው አሥራ ስድስት ቁጥር ነበር ያደረገው፤ ተረከዙ በሙሉ ውጭ አድሯል። ሐኪሙ ጉንጩን ቆንጠጥ አድርጎ ከረሜላ ሰጠው። የምንቴን ማሊያ ግን በራሱ ላይ ገፈፉት።

ደሜ ፈላ። በሽምግልና ይታይልኝ አልኩ። ወዲያው ሜዳው መሐል ዋርካ በቀለና ከሥሩ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ተከናንበው፣ ጭራ ይዘው ተቀመጡ። ትልቁ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የፊት ጥርሱ ወልቆ ገና አልበቀለም። አባቶቼ እያልኩ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ልጅ በጫማው ያስረጃሉ ወይ፣ እናቱ ያማጠችው እኮ ትናንት ነው ብዬ አቤት አልኩ። በረኛው ይህን ሲሰማ ሰደበኝ ብሎ ለቅሶውን ለቀቀው። ትልቁ ሽማግሌ ጭራውን ወዝወዝ አደረገና ወደ ምንቴ ዞረ።

«ስማ ልጄ፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ። ለሕፃናቱ ተውላቸው። መቼም ካሥ የሚባለው የተበደለ ነው።»

በዚህም አላበቁ። ምንቴ በረኛውን አዝሎ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ይዙር፣ እሽሩሩም ይበለው ብለው ፈረዱ። ምንቴም፣ የኔ ጨዋ፣ ጎንበስ አለለት። ያ ሁሉ ጢም ትከሻው ላይ ተዘረገፈ።

በቃ፣ አልቻልኩም። ሮጬ ከአባ ኮዳው ፊሽካውን ልነጥቅ ስል ዋጠው። ከዚያ ወዲያ በተነፈሰ ቁጥር ፊሽካው ሆዱ ውስጥ ይጮኻል፤ በጮኸ ቁጥር ሕዝቡ በሙሉ ምንቴን ውጣ ይለዋል። ወፉን ማንቁርቱን ይዤ ማነቅ ጀመርኩ።

ነቃሁ። ያነቅሁት የሶፋውን ትራስ ነበር።

ጨዋታው ተጀምሯል። ምንቴ አጠገቤ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። የኛ ዘጠኝ ቁጥር፣ ፀጉሩ እስከ መሐል አናቱ የሸሸ፣ የሁለት ልጆች አባት የሚያህል ሰውዬ፣ ተጠልፎ ወደቀ። ፔናሊቲ ተሰጠ። ጋዜጠኛው በደስታ ስሙን እስከ አያቱ ጠራው፦ «ምንተስኖት ሌዳሞ ዱካሞ፣ የሐዋሳው የአሥራ ስድስት ዓመት ታዳጊ!»

ብድግ አልኩ። ስምህን ከነአባታችን ከነአያታችን ማን ሰጠው፣ የልደት ወረቀትህን ለማን ነው ያስረከብከው እያልኩ ቤቱን አናወጥኩት። ምንቴ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም።

«ቆይ ጋሼ» አለኝ፣ «ልመታ ነው።»