እትዬ ጽጌ ባሕር ያነበቡበት ቅዳሜ

ደገኛ ስለ ባሕር ሲያወራ አትመኑት። እኔንም ጨምሮ። ደመና አይተን ዝናቡን እንገምታለን፤ የወንዝ ድምፅ ሰምተን ላይኛው አገር መዝነቡን እናውቃለን። ባሕር ግን ለብዙዎቻችን የካርታ ነገር ነው፤ ሰማያዊ የተቀባ ቦታ። ያም ሆኖ ተረት አላነሰንም። «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» እንላለን። ስንቱን ሰው በዚህ ተረት መክሬያለሁ መሰላችሁ! ውሃ ሲያሳስቅ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

እትዬ ጽጌ የአሰብ ልጅ ናቸው። ለንደን፣ ፓርክ ሮያል የሚባል ሰፈር፣ ሳንድዊች የሚታሸግበት ፋብሪካ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ስድስት ዓመት ሠርተናል። እኔ ዳቦውን እደረድራለሁ፣ እሳቸው ይከድናሉ። ሲከድኑም ስለ ባሕር ያወራሉ። አባታቸው ወደብ ላይ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነበሩ፤ እሑድ እሑድ በትንሽ ጀልባ ዓሣ ሊያጠምዱ ሲወጡ ልጃቸውን ከፊት ያስቀምጧት ነበር። በኋላ ያ ሁሉ ሆነና፣ እትዬ ጽጌ ከነጓዛቸው የጭነት መኪና ላይ ሆነው፣ ውሃው ከዓይናቸው እስኪጠፋ ወደ ኋላ እያዩ ወጡ። ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ እንተወው። ድንበር ሲካለል ናፍቆትን የሚያማክረው የለም።

አንድ ጊዜ ላጽናናቸው ብዬ፣ «ለንደንም እኮ ወንዝ አለው» አልኳቸው።

«ወንዝማ የሚሄድበት አለው» አሉኝ። «እዚያው ሆኖ የሚጠብቅህ ባሕር ነው።»

ታዲያ ባለፈው በጋ ካምደን ሰፈር፣ ጀልባ የሚሄድበት ቦይ ዳር፣ የካያክ ትምህርት ማስታወቂያ አየሁ። ካያክ የሚሏት እንደ ባቄላ እሸት የቀጠነች ጀልባ ናት፤ ተቀምጠው ይገቡባታል፣ ብዙውን ጊዜ ተገልብጠው ይወጡባታል። ሁለት ቅዳሜ ቦዩ ላይ፣ ሦስተኛው ባሕር ላይ ይላል። «አፕላይ ላድርግልዎት?» አልኳቸው በቀልድ።

«አድርግ። ብቻዬን ግን አልገባም።»

በገዛ አፌ ተያዝኩ።

አስተማሪያችን ሄለን የምትባል ቀጭን እንግሊዛዊት ነበረች። «ከመቅዘፍ በፊት ማንበብ!» ትላለች። ነፋሱ ከየት ወደየት ነው? ባሕር በየቀኑ ወደ ዳር ይሞላል፣ መልሶም ይሸሻል፤ አሁን እየሞላ ነው ወይስ እየሸሸ? ራቅ ብሎ ማዕበሉ አረፋ ይደፍቃል? ትንበያውን ስልካችሁ ላይ ቼክ አድርጉ፤ ከዚያ ስልኩን ክተቱና በዓይናችሁ ቼክ አድርጉ። እኔ ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፍኩ። እትዬ ጽጌ ምንም አልጻፉም። ቦዩ ውስጥ ሦስት ጊዜ የገባው ባለ ደብተሩ ነው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። በባቡር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ስንጓዝ እትዬ ጽጌ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። ስንደርስ ፀሐዩ ወጥቷል፤ ውሃው እንደ መስተዋት ተኝቷል። ሄለን እጇን አጣጥፋ፣ «ዛሬ ወሳኞቹ እናንተ ናችሁ። እንወጣለን ወይስ እንቀራለን?» አለች።

«እንወጣለን እንጂ!» አልኩ። ሌሎቹም ሦስት ተማሪዎች ተስማሙ።

እትዬ ጽጌ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ለብሰው፣ መቅዘፊያውን ጨብጠው ቆመዋል። ሻሻቸው ከኋላ በሚመጣው ነፋስ ወደ ባሕሩ ይውለበለባል። ውሃውን አዩ፤ ውሃው ትቶት የሸሸውን እርጥብ አሸዋ አዩ። ከዚያ ጃኬቱን መፍታት ጀመሩ።

«ምነው እትዬ?»

«ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ነው። ውሃውም እየሸሸ ነው። ሁለቱም ወደ ውጭ ነው የሚገፉን። እዚህ ዳር ጸጥ ያለው ከኋላችን ያለው ገደል ከልሎት ነው፤ ወዲያ ማዶ ያ ነጭ ነገር አይታይህም? መሄዱስ ይቀላል፤ መመለሱን ንገረኝ።»

ለሄለን ተረጎምኩላት። እሷም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ «እኔም አላስወጣችሁም ነበር።»

ጥቂት ቆይቶ አጠገባችን የነበረ አንድ ቤተሰብ የሚጫወትበት ኳስ ውሃው ላይ አረፈ። አባትየው እየሳቀ ተከተለው። ጉልበቱ ደረሰ፣ ወገቡ ደረሰ፤ ኳሱ ሁልጊዜ አንድ ክንድ ይቀድመዋል። ልጆቹ ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። እትዬ ጽጌ ብቻ ከነጫማቸው ወደ ውሃው ሮጡ። «ተመለስ! አንተ ሰውዬ፣ ተመለስ!» አሉ፤ ያውም በአማርኛ! ሄለን ፊሽካዋን ነፋች። ሰውየው ደንግጦ ዞረ፤ ደረቱ ድረስ ገብቶ ነበር። ዳር እስኪወጣ ድረስ ታገለ። ኳሱ ነጥብ አከለ፤ ከዚያም ጠፋ።

እትዬ ጽጌ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። «አባባ ‹ዛሬ አንወጣም› ሲሉኝ አለቅስ ነበር» አሉኝ። «ጨካኝ ይመስሉኝ ነበር።» ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቆ፣ እደጁ ደርሶ፣ «ዛሬ አይሆንም» ማለት ምን እንደሚመስል እኔ አላውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስን። ነፋሱ ለስላሳ፣ ውሃው እየሞላ ነበር። እትዬ ጽጌ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እየተንገዳገድኩ ወጣን። መሐል ላይ መቅዘፋቸውን አቆሙ። እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ጣታቸውን ቀመሱት።

«ጨዉ ያው ነው» አሉ። ደግመው ቀምሰው፣ «ግን ይቀዘቅዛል። ሽታውም ሌላ ነው። የእኔ አይደለም።»

መቅዘፊያዬን አነሳሁ። ቀዝፈን ተመለስን።

ዳር ወጥተን መቅዘፊያቸውን ሲያደርቁ፣ «እስቲ የሚመጣውን ቅዳሜ ነፋስ ቼክ አድርግልኝ» አሉኝ።

«የእኔ አይደለም ብለው የለም እንዴ?»

«አይደለም» አሉ። «እኔስ የእሱ ነኝ? እንግዳና እንግዳ ተላምዶ ይኖር የለ!»