ጋሽ ቢሻውና ሰባተኛዋ ጠገራ

አገር ያለ ዳኛ ይኖር ይሆናል፤ ያለ ሐኪምም ስንት ዘመን ኖሯል። «ስንት ገዛኸው?» የሚል ሰው የሌለው ከተማ ግን እስካሁን አላየሁም። ይህ ሰው ሸሚዝህን በሁለት ጣቱ ይዳብሳል፣ ጫማህን ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ከዚያ ዋጋውን ይጠይቅሃል። ስትነግረው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ቀጥሎ ፍርዱን ይሰጣል፤ «ተበላህ!» እስከዚያች ደቂቃ የተመቸህ ጫማ ከዚያ በኋላ ተረከዝህን ይልጥሃል።

ለመተማ ዮሐንስ የደረሷት ጋሽ ቢሻው ናቸው። ክቡር ጋሽ ቢሻው፣ የከተማችንና የአካባቢዋ የዋጋ ጉዳይ የበላይ ጠባቂ፣ ማንም ሳይሾማቸው ሥራ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሰሊጥ መጋዘን መዛኝ ነበሩ። ኩንታሉን በዓይናቸው ብቻ አይተው «ሁለት ኪሎ ይጎድለዋል» ይላሉ፤ ሲመዘን ይጎድለዋል። አሁን መጋዘኑን ቢተዉም ሚዛኑን አልተዉም። ትንሽ የወርቅ ሚዛን በኮት ኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። በዚህ ሙቀት ኮት የሚለብሱት ለዚያው ነው፤ ሚዛኑ ኪስ ይፈልጋል።

ሰው ፊት ሲያዋርዱህም «ሚዛን አያፍርም» ይላሉ። አባባሏ የራሳቸው ናት።

ጎረቤታችን ኡመይር አዲስ ባጃጁን አበባ አስሮባት ሊያስመርቃት የመጣ ዕለት መረቁለትና «ለመሆኑ ስንት ገዛሃት?» አሉት። ባጃጇ ሦስት ቀን ሳትነዳ ቆመች። አንድ ጊዜማ ለቅሶ ቤት ገብተው፣ አልቅሰው፣ እንባቸውን ጠርገው፣ ወደ ሟች ልጅ ጠጋ ብለው «ድንኳኑን በስንት ተከራያችሁት?» ብለዋል። ልጁ ነገራቸው። ያን ጊዜ እንደገና አለቀሱ ይባላል።

እኔ አብዱልሀኪም፣ ከደጃፏ ላይ ሆነው ሲያዩ ከድንበሩ ማዶ የሱዳኗ ጋላባት ወለል ብላ የምትታይባት የስልክ ሱቅ አለችኝ። ጋሽ ቢሻው ባለፈው ክረምት ከእኔ ዘንድ ስልክ ገዙ። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ስልኩን መዘኑት። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ሱቅ ሄደው የዚያውን ዓይነት መዘኑ። በሦስተኛው ሳምንት ታከተኝና በመጣበት ዋጋ ሰጠኋቸው። ስልኩን ኪሳቸው ከትተው ከበራፉ ላይ ዞር አሉና በሐዘኔታ አዩኝ። «አብዱ፣ ተበላህ» አሉኝ። የሰሊጥ ዋጋ ልከታተልበት ነው ስላሉኝ ቴሌግራምም ጭኜላቸው ነበር፤ እሱም በነፃ።

ከእኚህ ሰው ጋር በጠገራ ብር ጉዳይ የተገናኘነው እንዲህ ነው። እናቴ ዘሀቢያ ከእናቷ የወረሰችው የብር ድሪ አላት። ሰባት ጠገራ የተንጠለጠለበት ነበር፤ አሁን ስድስት ነው። መካከሉ ላይ ክፍት ቦታ አለ። የዚያ ክፍተት ምክንያት እኔ ነኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ካላዛር ይዞኝ ሆዴ ተነፍቶ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎኝ፣ እናቴ አንዷን ብር ሸጣ ጎንደር ወስዳ አሳከመችኝ። በታኅሣሥ ደግሞ እህቴ ሙባረካ ወደ ሽንፋ ከተማ ልትዳር ነው። በእኛ ቤት ድሪውን እናት ናት በሠርጉ ቀን ለሙሽራዋ በገዛ እጇ የምታስርላት። እናቴ ግን «ጎዶሎ ድሪ ለሙሽራ አላስርም፤ ገድ የለውም» ብላ ሣጥኗን ቆለፈች። ሙባረካ «ግድ የለም» አለች፤ ስትል ግን ሣጥኑን እያየች ነበር። በቤታችን ውስጥ ያንን ክፍት ቦታ መሙላት የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ማንም አልተናገረም። መናገርም አያስፈልግም ነበር።

መጀመሪያ በፌስቡክ ካገኘሁት ሻጭ አንዲት ጠገራ ገዛሁ። 1780 የሚል ተጽፎባታል። ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ የኖረች ቅርስ በእጄ ገባች፣ የእናቴን ድሪ ልትሞላ ነው ብዬ ለጋሽ ቢሻው አሳየሁ፤ ጥጋብ ነው። «ስንት ገዛሃት?» አሉ። ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ከወዳደቀ የስፒከር ማግኔት አንስተው ወደ ብሯ አስጠጉት። ቅርሴ ዘላ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈች።

«ብር ማግኔት አይወድም፤ ይህች ግን አገባችው» አሉ። ሱቁ ውስጥ ሊገዛ የመጣው ዘቦን ሁሉ ሳቀ። «ደግሞ 1780 ምን አስደነቀህ? ሁሉም በዚያው ዓመት ነው የሚመታው፤ ትናንት የተመታችውም 1780 ነው የምትለው። አሁንማ ተቀመጥ፤ ጻፍ።»

ተቀምጬ ጻፍኩ። ጋሽ ቢሻው በኢንተርኔት ጨረታ ገብተው አያውቁም፤ ግን አርባ ዓመት የሰሊጥ ጨረታ አይተዋል፣ ሰውም ሰሊጥም አንድ ነው ባይ ናቸው። ሻጩ ብሯን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ፎቶ ያንሳልህ፤ ሃያ ስምንት ግራም ካልሆነች እለፋት። ፊቷን፣ ጀርባዋን፣ ጠርዟንም አሳየኝ በለው፤ ጠርዟ ላይ ጽሑፍ አለ። ብሯ ላይ የተቀረጸችውን ሴትዮ የትከሻ ጌጥ ቁጠር፤ ዙሪያውን ዘጠኝ ፍሬ ነው። ከዚህ በፊት መሰሎቿ በስንት እንደተዘጉ ወደ ኋላ ሄደህ እይ። ጣሪያህን በወረቀት ጻፍና ኪስህ ክተት። ቀድመህ አትጩህ፤ ቀድሞ የሚጮህ ዋጋ ያሞቃል።

«ደግሞ» አሉ፣ «ተበስታ ወይ ጆሮ ተበይዶላት የምትመጣዋን ጠብቅ። ሰብሳቢዎች ተበላሽታለች ብለው ይንቋታል። አንተ ግን የምታንጠለጥላት ነህ። የዚች ዓይነቷ ሐቀኛ ዋጋ ስድስት ሺህ ነው። ከስድስት ሺህ ካለፈ የተሸጠችው ብሯ አይደለችም፤ ገዢው ነው።»

ኅዳር አጋማሽ ላይ እንዲያ ያለችው ብር መጣች። የጥንት ገንዘብ በጨረታ የሚሸጥበት አንድ የቴሌግራም ቻናል ነበር፤ ሻጩ የታወቀ፣ ተጫራቹ ሁሉ በስሙ ሳይሆን በቁጥር የሚጠራበት። እኔ ተጫራች ሠላሳ አንድ ነኝ። ብሯ በሚዛን ሃያ ስምንት፣ ጠርዟ ላይ ጽሑፍ፣ ትከሻዋ ላይ ዘጠኝ ፍሬ፣ አናቷ ላይ የተበየደ ጆሮ። ጨረታው ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይዘጋል። ለጋሽ ቢሻው አልነገርኳቸውም። የማግኔቱ ሳቅ ገና ከጆሮዬ አልወጣም፤ ገዝቼ ድሪው ላይ ካሰርኳት በኋላ ይጠይቁኝ አልኩ።

ሰኞ በሁለት ሺህ ጀመርን። ሌሎቹ ጆሮዋን አይተው ቶሎ ተዉ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ተጫራች አሥራ አራት። አራት ሺህ ስል አምስት አለ። ስድስት ስል ስድስት ተኩል አለ። ኪሴ ውስጥ ያለችው ወረቀት ተው ትላለች፤ የሙባረካ ዓይን ደግሞ ጨምር ይላል። ሰባት አልኩ። ይህ አሥራ አራት የሚሉት ሰው ምን የቆረጠ ሰው ነው! ረቡዕ ዘጠኝ ሺህ ስል ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ብሎ ተኛ። እኔም ቂሜን ያዝኩ። ሐሙስ ለአሥር ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው አሥራ ሁለት ሺህ ብዬ አፉን አስይዘዋለሁ።

አሁን የማወራው ውርደት የመተማ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነው። ስልካችን አንዳንዴ የሱዳኑን አንቴና ይይዛል፤ ሰዓቱንም ከእነሱ ጋር አስማምቶ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከእኔ ስልክ ለገዛ ሁሉ መጀመሪያ የማደርግለት ሰዓቱ በራሱ እንዳይቀየር መዝጋት ነው። ያን ሐሙስ ጠዋት የራሴን ስልክ አጽድቼ እንደ አዲስ ከፈትኩትና ያንን መዝጋት ረሳሁ። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የሚጠራው የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። ስልኬን አየሁ፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት ይላል። «ሙአዚኑ ዛሬ ምን አስቸኮለው?» አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ስልክ አምኜ ሙአዚን ተጠራጠርኩ። ቻናሉን ስከፍተው ጨረታው ተዘግቷል። አሸናፊ፣ ተጫራች አሥራ አራት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ አልመጣም። ለእናቴ ስነግራት «ተወው ልጄ፣ አላህ ያላለው ነው» አለችኝ። ድሪው ሣጥኑ ውስጥ ቀረ፣ ሠርጉም ደረሰ።

በሠርጉ ዕለት ሙባረካን ሊወስዷት የሽንፋ መኪኖች ደጃፍ ላይ እንደቆሙ ጋሽ ቢሻው በኮታቸው መጡ። ድንኳኑን ቀና ብለው አዩት፤ ዋጋውን ሊጠይቁ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። አልጠየቁም። በቀጥታ ወደ እናቴ ሄደው ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ መሐረብ አወጡ። ሲፈቱት ጠገራ ብር ናት፤ ጆሮ የተበየደላት። አወቅኳት።

«እመት ዘሀቢያ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ያን ጊዜ ያቺን ብር መጋዘን ይዘው ሲመጡ የመዘንኳት እኔ ነበርኩ። ነጋዴው ግማሽ ዋጋ ሲሰጥዎት እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ አለቃዬ ነበር። ልጁን አዝለውት ነበር፤ ተከራክረው የሚሸጡበት ጊዜ አልነበረዎትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ሁሉ በስንት እንደገዛ፣ በስንት እንደሸጠ ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም። እርስዎ ተበልተዋል፤ ያስበላሁዎት እኔ ነኝ።»

እናቴ ብሯን ተቀበለቻቸው። ከዚያ እኔን፣ ከበር ላይ የቆምኩትን ጎረምሳ፣ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ኧረ አቶ ቢሻው» አለች፣ «አንዲት ብር ሰጥቼ ይኸን የሚያህል ልጅ ይዤ ገባሁ። ታዲያ ማን ነው የተበላው?»

ጋሽ ቢሻው ባዶውን መሐረብ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። እናቴ ሣጥኑን አስመጣች፣ ክፍት ቦታዋ ላይ ሰባተኛዋን አሰረች፣ ድሪውን በሙባረካ አንገት ላይ አደረገችው። ሴቶቹ እልል አሉ። ሙባረካ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ላብ ነው አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ቢሻው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። አላስቻለኝም።

«ጋሽ ቢሻው፣ ስንት ገዟት?»

«አይጠየቅም!» ብለው ተቆጡ። እሳቸውንም ግን አላስቻላቸውም። «ስማኝማ፤ በሦስት ሺህ ልወስዳት ነበር። ሠላሳ አንድ የሚባል አንድ እብድ ተነሣብኝ። ማፈሪያ! ዋጋ አያውቅ፣ ጣሪያ የለው፣ ብቻ ይጨምራል! በስተርጅና ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ አስበላኝ። እኔን፣ ቢሻውን! ደግነቱ ሐሙስ ለት ምን እንደነካው እንጃ ዝም አለ፤ ዝም ባይል ሞቼም አልተዋትም፤ ኮቴን እሸጥ ነበር።»

የጎረስኩትን ሥጋ ማኘክ አቆምኩ። ሁለታችንም ተደብቀን ለአንድ አንገት ስንጫረት የከረምነው እርስ በርሳችን ነው። ያ የጋላባት አንቴና ሰዓቴን ባይሰርቀኝ ኖሮ እኚህን ሰው እርቃናቸውን አስቀርቻቸው ነበር። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ለአንቴናው፣ ለሙአዚኑ፣ ለኮቱም።

«እውነትም እብድ ነው» አልኳቸው። «አላህ ይይለት።»

እስከ ዛሬ ሠላሳ አንድ ማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም። በማግሥቱ ግን ገበያ ወርጄ ጫማ ገዛሁ። ሻጩ የጠራውን ዋጋ አንድ ብር ሳላስቀንስ ከፈልኩና መንገዴ ሳይሆን በጋሽ ቢሻው ደጅ በኩል ዞሬ አለፍኩ። በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብለው እግሬን አዩ።

«ስንት ገዛኸው?»

ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ፊታቸው በራ።

«ተበላህ!»

«ተበላሁ ጋሽ ቢሻው» አልኳቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።