የወሬ ዘበኞች

ወሬ የሚሄድበትን መንገድ የሠራ ሰው፣ ማን ቀድሞ እንደሚሰማም እሱው ይወስናል። በቅኝ ግዛት ዘመን ባሕር ሥር የተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ ለናፍቆት መወጫ የተዘረጋ እንዳይመስላችሁ፤ ትእዛዝ ለማድረስና አመፅን በእንጭጩ ለመስማት ነበር። አንዱ የአፍሪካ አገር ለጎረቤቱ መልእክት ሲልክ፣ ወሬው አውሮፓ ድረስ ዞሮ፣ በባለሥልጣን ዓይን ተበጥሮ፣ ካለፈ ነው የሚደርሰው። ሬዲዮ ሲመጣም ያው ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው። አገር ቤት በሬዲዮ ቴክኒሺያንነት አርጅተው፣ ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ ቶሮንቶ አመጣቻቸው፤ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር እኔ ያለሁበት ሕንፃ ላይ ይኖራሉ። «የሰው መልእክት የሚያግድ እጁ ይቆረጥ!» እያሉ ጠረጴዛ ሲመቱ ደስ ይሉኛል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያናችን የስልክ ግሩፕ ላይ፣ የጎረቤታችን የሰናይት እናት አዲስ አበባ ማረፋቸው ተጻፈ። «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለውን ማን አስታውሶ! መርዶ በስልክ እንደማይነገር ግን ሁላችንም አስታወስን። ሰናይት ግሩፑ ውስጥ ስለሌለች አልሰማችም፤ ተጠራርተን ቤቷ ገባን።

«ዛሬ ደግሞ ምን አገናኛችሁ?» ብላ ሻይ ጣደች።

ጋሽ ወልዴ «ልጄ፣ እስቲ ስልክሽን፣ አንዴ ኮል ላድርግ» አሉና ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ክፉውን ወሬ ብቻዋን እንዳትሰማ ነው። የሚያረዳት ፓስተር ኤግሊንተን ጎዳና ላይ መንገድ ተዘግቶበት ስለቆመ፣ ስለ አየሩ እያወራን ጠበቅነው።

ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ነዘረ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ነው። ዘጉት። ደግሞ ነዘረ፤ ደግሞ ዘጉት። እኛም በዓይናችን «ደግ አደረጉ» አልናቸው።

ፓስተሩ ደረሰና አረዳት። ስትጮህ፣ ስትወድቅ ስትነሳ ቆይታ ስልኳን ተቀብላ ወንድሟ ጋ ደወለች። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው።

«የት ነበርሽ? እማዬ ስምሽን እየጠራች ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዤላት ነበር እኮ! አሁን... አሁን ገና አረፈች።»

ለካ ግሩፑ ላይ የጻፈው ሰው «ተዳክመዋል» ሲሉት ቸኩሎ ገድሏቸው ኖሯል።

«ብቻሽን እንዳትሰሚ ብለን እኮ ነው ልጄ» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው።

«እሷስ፣ ጋሼ? እኔን ስትጠብቅ ሞተች እኮ!»

ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን ቸገረኝ፤ ከመካከላችን በክፋት የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። እውነተኛው መርዶ ሲመጣ መርዶ ነጋሪ መፈለግ እንኳን አላስፈለገም፤ ሁላችንም ቀድመን ተሰብስበናል።