ስልኬ ከኪሴ ወጥቶ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለበት ምክንያት

የዘመኑ ወንድ ሚስቱን ሊረሳ ይችላል፤ ስልኩን ግን አይረሳም! አትቆጡ... እስቲ ይህን እያነበባችሁ እጃችሁን ወደ ሱሪያችሁ ኪስ ስደዱ። አገኛችሁት አይደል? እኔም እንደናንተው ነበርኩ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ አስተማሪ ነኝና ልማድ ሆኖብኛል። አንደኛ፣ እኔ የማስተምረው ነቀምት ነው፤ እዚያው ቡርቃ ጃቶ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ጫልቱ የምታስተምረው አንገር ጉቲን፣ የወላጆቼ መንደር ነው። ሦስተኛ፣ ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን፤ ልጅ ግን የለም። እናቴ «ኧረ ዓይኔ ሳይፈዝ አሳዩኝ!» ማለት ከጀመረች ሰነባብታለች።

አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስነካካ፣ የሞባይል ጨረር የወንድን ዘር ያዳክማል የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ክው አልኩ! ጽሑፉ ዝቅ ብሎ «ተመራማሪዎች ገና አልተስማሙበትም» ይላል፤ እኔ ግን እስከዚያ መቼ አነበብኩ? «ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቡ!» እያልኩ ተማሪ የምገሥጸው ሰውዬ!

ወዲያው ገበያ ወርጄ፣ ስልኬን በቁመትና በወርድ አስለክቼ፣ ጫማ ሰፊው ዘንድ የቆዳ ማኅደር አሰፋሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ግን በጠፍር አጥብቄ አንገቴ ላይ አሰርኩት። ጨረሩ ከአደጋው ቀጠና ቢያንስ ሁለት ስንዝር ራቀ!

ቅዳሜ በዚያ ጭቃና ኮረኮንች መንገድ ስንገጫገጭ ውዬ አንገር ጉቲን ደረስኩ። የቤታችን ደጃፍ ላይ አጎቴ ሰይድ ተቀበሉኝ። በሰፈራ ከወሎ የመጡ፣ የዘጠኝ ልጆች አባት ናቸው። ደረቴን አይተው ቆሙ።

«ያ አላህ! ይህን ክታብ ማን ጻፈልህ?»

«ክታብ አይደለም፣ አጎቴ። ሳይንስ ነው።»

«ለምን የሚሆን?»

«ልጅ ለመውለድ።»

«ታዲያ ክታብ ነዋ!»

ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ጨረር፣ ስለ ሙቀት... መሬቱ ላይ በእንጨት ሥዕል ሁሉ ሣልኩላቸው። መሀል ላይ ደረቴ ጮኸ! አጎቴ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ...

«ይናገራል እንዴ?!»

ጫልቱ ናት፤ ከቤት ውስጥ ሆና «የት ደረስክ?» ለማለት የደወለችው። አጎቴ ክታቡ ስልክ መሆኑን ሲያዩ ሳቃቸው መንደሩን ሞላው። ከአንዱ ኪሳቸው አንድ ስልክ መዘዙ፤ ከሌላው ኪሳቸው ሌላ።

«የመጨረሻዎቹ አራቱ ልጆቼ የመጡት እነዚህ ኪሴ እያሉ ነው! ከልካይ ከሆነማ ለሚስቴ ንገርልኝ፣ ሦስተኛ ትግዛልኝ!»

ጩኸቱን ሰምታ የወጣችው ጫልቱ ግን አልሳቀችም።

«ባርሲሳ፣» አለችኝ። በኦሮምኛ «መምህር» የምትለኝ ስትቆጣ ነው። «ተማሪህን ሳትፈትን ውጤት ትሰጣለህ?»

«በጭራሽ!»

«ራስህንስ?»

እውነቱን ልንገራችሁ... ጨረሩን የወደድኩት ምርመራውን ስለፈራሁ ነበር። ጥፋቱ የስልኩ ከሆነ የእኔ አይደለማ!

ፈቃድ ወስዳ አብረን ነቀምት ገባን፤ ሁለታችንም ተመረመርን። ውጤቱን ልንሰማ ሐኪሙ ፊት ስንቀመጥ፣ የማትሪክ ውጤት የጠበቅሁበት ቀን እንኳን እንዲህ አልረዘመብኝም። ሐኪሙ ወረቀቶቹን አገላበጡ፤ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ እንደገና አገላበጡ።

«ሁለታችሁም ጤነኞች ናችሁ።»

ጫልቱ እጄን ጭምቅ አደረገችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ለመሆኑ ምን ያህል ትገናኛላችሁ?» አሉ ሐኪሙ።

«በየቀኑ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ጠዋት ከደወል በፊት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ማታ ደግሞ ግማሽ ሰዓት... ካርድ ካላለቀ።»

«ካርድ?»

«በስልክ ነዋ! በአካልማ መንገዱ ሲደርቅ፣ በሁለት ወር አንዴ...»

ሐኪሙ ብዕራቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ባርሲሳ፣ ምን ነበር የሚያስተምሩት?»

«ባዮሎጂ።»

ጫልቱ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

አሁን ወደ አንገር ጉቲን ለመሄድ የዝውውር ቅጽ እየሞላሁ ነው። «የዝውውሩ ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ብዙ ለማብራራት አስቤ ነበር፤ የተሰጠው መስመር ግን አንድ ብቻ ሆነ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ኔትወርክ የማያደርሰው ጉዳይ ስላለኝ።»