እሁድ እሁድ የምታስል መኪና

የታመመ ሰው ሊጠይቅ ባዶ እጁን የሚመጣ ሐበሻ ይኖራል፤ ምክር ሳይዝ የሚመጣ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ጨጓራ ከሆነ ተልባ፣ ወገብ ከሆነ ወጌሻ፣ ምንነቱ ካልታወቀ ደግሞ «የሰው ዓይን ነው» ይባልና ይዘጋል። «ይኼን በሽታ እንኳ አላውቀውም» ብሎ አርፎ የተቀመጠ ሰው ካያችሁ እባካችሁ አስተዋውቁኝ። ይኼ ጠባያችን ለሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። መኪና ሲታመም ይብሳል።

መኪናዬ ሴይቼንቶ ናት። አዎ፣ ያቺ አባቶቻችን በአዲስ አበባ ታክሲነቷ የሚያውቋት ድንቡሽቡሽ፣ ሞተሯን ከኋላዋ የተሸከመችው። በዕድሜ ትበልጠኛለች። እዚህ ሮማ አትክልታቸውን የምንከባከብላቸው ጣሊያናዊ ሽማግሌ ዓይናቸው ሲደክም ቁልፏን እጄ ላይ ጣል አድርገው «ቫ ቤኔ፣ በቃ ያንተ ናት» አሉኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ምን እንደተቀበልኩ የገባኝ በኋላ ነው።

ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ እትዬ ዘነቡ ይኖራሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሮማን አሮጊቶች ሲያነሱና ሲያስተኙ ኖረው፣ ዛሬ ጡረታ ሲወጡ የራሳቸው ጉልበት አልነሣ ብሏቸዋል። ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ሁለት አውቶቡስና የሜትሮውን ደረጃ መቻል ይጠይቃል። እሳቸው ደረጃ አይችሉም። መኪናዋን ከማግኘቴ በፊት ሁዳዴን ሙሉ ቅዳሴ ሳያስቀድሱ አሳልፈዋል። «ልጄ፣ ከዚህች መኪና ሌላ ወደ እግዚአብሔር ቤት መንገድ የለኝም» አሉኝ አንድ ቀን። እስቲ ይኼን የሰማ ሰው መኪናዋን እንዴት አድርጎ ይሸጣል?

ከአራት ወር በፊት፣ በአንድ እሁድ ጠዋት፣ ሞተሯ ማነከስ ጀመረ። ይንዘፈዘፋል፣ ያስላል፣ ትራፊክ መብራት ላይ ይጠፋል። የካዚሊናን ጎዳና ስንወጣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩንባውን እየነፋ ዘር ማንዘሬን ያነሳል። አንድ እሁድማ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል ነው የደረስነው፤ ሰው ሲወጣ እኛ ስንገባ። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም መሪውን በቡጢ መታሁት፤ መሪው ምንም አልሆነም፣ እጄ ሦስት ቀን አበጠ።

ከዚያማ ሐበሻ ወደሚሰበሰብበት መንገድ፣ ወደ ቪያ ቮልቱርኖ ይዣት ሄድኩ። እዚያ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ደጃፍ ከቆሙት ሐበሾች መካከል ድሮ ታክሲ ያልነዳ የለም፤ ቢያንስ የነዳ አጎት አለው። አንዱ «ካንዴላው ነው» አለ፤ አስቀየርኩ። ሌላው «ባትሪው ነው» አለ፤ ቀየርኩ። ሦስተኛው ቤንዚኑን አሽትቶ ራሱን ነቀነቀ። አራተኛው ሳይጠየቅ ጠመንጃ መፍቻውን አውጥቶ የካርቡራተሩን ብሎን አጠበቀው፤ አምስተኛው «ማነው ይኼን ያጠበቀው?» ብሎ አላላው። እጃችሁን አንሱ እንዳልል ይሉኝታ ያዘኝ። ሰው ለእኔ ብሎ እጁን በጥቁር ቅባት እየለወሰ፣ ምን አፍ አለኝ? ይሉኝታ የጨረሰው ሞተር በገንዘብ የሚተመን አይመስለኝም።

ማስትሮ ኤንዞ ግን የምር መካኒክ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ በአሮጌ መኪና ሥር ተኝቶ የኖረ ሮማዊ። ሰኞ ስወስድለት እንደ ስፌት መኪና ትንቆረቆራለች። «ኖን ቻ ኒየንቴ!» ይለኛል፤ ምንም የላትም። ማክሰኞም ምንም፣ ዓርብም ምንም። እሁድ ታነክሳለች፤ ሰኞ ትድናለች። ሐኪም ፊት ሲደርስ ሕመሙ የሚጠፋበት ሰው ታውቃላችሁ? እሱን በአራት ጎማ አስቡት። እኔ ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝ።

«እሁድ ከሌላው ቀን የተለየ ምን ትሠራለህ?» አለኝ ኤንዞ።

«ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።»

«አሎራ፣ እንግዲያማ ኃጢአትህ ከብዷት ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ፊቴን አይቶ እሱም ሳቁን ዋጠና እሁድ ጠዋት ራሱ መጥቶ ሊያያት ማለ።

መጣም። በነጠላ ጫማ፣ በእንቅልፉ መሀል እንደ ተነሣ በሚያስታውቅ ፊት መጣ። እኔ እንደ ልማዴ በሩን ከፍቼ የእትዬ ዘነቡን ወንበር አስተካክላለሁ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዙትን ጠበል እየረጩ መኪናዋን ይዞሯታል። አራት ወር ሙሉ ይኼን እያየሁ አላየሁትም። ከልጅነቴ ጀምሮ የለመድኩትን ነገር ምኑን ልየው?

ኤንዞ ግን አየ። እሳቸው ከኋላ ቆመው «በስመ አብ» ብለው፣ ሞተሩ በሚተነፍስበት ሽንቁር የጠርሙሱን ሩብ ሲያንቆረቁሩ አየ።

«ሲኞራ! ምን እያደረጉ ነው?» ብሎ ጮኸ። እትዬ ዘነቡ ዞር አሉና፣ ተራው የደረሰ በሽተኛ መስሏቸው ይሁን አልገባኝም፣ እሱንም ረጩት። ኤንዞ አማተበ፤ ፊቱን ጠረገ፤ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ዕቃ ቆብ ተሰንጥቋል፤ እንደ ፀጉር በቀጠነች ስንጥቅ። ሲደርቅ ደህና ነው። ሲረጥብ እሳቱ በስንጥቁ ያመልጣል።

«መኪናዋን የሚያሳምማት የእርስዎ ውሃ ነው» አላቸው።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በጥፋታቸው አፍረው ዳግመኛ አልሳፈርም እንዳይሉ ፈራሁ። እትዬ ዘነቡ ግን ጠርሙሱን ቀስ ብለው ከደኑ።

«ውሃው ነው የሰነጠቀው?» አሉት በጣሊያንኛ።

«ኖ፣ ስንጥቁ ቆይቷል።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ? እኔ መጀመሪያ ጣሪያዋን ብቻ ነበር የምረጨው። አንድ ቀን ከኋላ ስታስል ሰማኋት፤ ከዚያ ወዲህ ያመማት ቦታ ላይ አደረግኩላት። ጠበል እኮ የተደበቀውን ነው የሚያስጮኸው። አራት ወር ሙሉ እዚህ ጋ ብላ ስትጮህ እናንተ ካንዴላ ትቀይራላችሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እሷ መች ደበቀች?»

ለኤንዞ ተረጎምኩለት። ስንጥቁን በጥፍሩ ዳሰሰ። ከዚያ፣ ሥራ ያስተማረው ሰውዬ የሚያመልጥ እሳት ሲፈልግ ሽቦዎቹ ላይ ውሃ ይረጭ እንደ ነበረ፣ እሱም ይኼን ማወቅ የሚገባው እንደ ነበር አመነ። ቆቡን በመሐረቡ አደረቀና ሄደ። እኛም በጊዜ ደርሰን አስቀደስን።

በሳምንቱ ቆቡ ተቀየረ። እሁድ ጠዋት ሞተሩ አንዴ እንኳ ሳያስል ተነሣ። እትዬ ዘነቡ ሲወርዱ ግን ጠርሙሱ በእጃቸው ነው። ደሜ ፈላ።

«እትዬ፣ ዳነች እኮ! አሁን ደግሞ ምኗን ሊያጠምቁ ነው?»

«ለእሷ መች አመጣሁት» አሉ። «አንተ ስንት ወር ሙሉ ስታጉረመርም ነው የከረምከው። እስቲ ያንተ የት ጋ እንደ ተሰነጠቀ እንየው።» እንቢ ከማለቴ በፊት አናቴ ላይ ገለበጡት።

አንገትጌዬ ርሶ፣ ጥርሴን ነክሼ ሞተሩን አስነሣሁ። ካዚሊና ላይ ስንደርስ፣ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ሮማ ከመጣሁ ጀምሮ ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ሁሉ እያወራኋቸው ነበር። እሳቸው ጉልበታቸውን እያሹ ሰሙኝ። ምን እንዳልኳቸው ለእናንተ አልነግራችሁም፤ እናንተ ጠበል አልያዛችሁም።