ሰላም ሳይል ያለፈው ክንፍ

አንድ ነገር ሰማይ ላይ ከወጣ በኋላ የማን ነው? ይህን ጥያቄ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ተሸክሜው እዞራለሁ። በክር አስሬ ያበረርኩት ፌስታል ክሩን በጥሶ መጀመሪያ የጎረቤታችንን ጣሪያ፣ ቀጥሎ መስጊዱን፣ ከዚያ የቦርከናን ወንዝ ተሻግሮ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። በማግስቱ «አሁን የማን ነው?» ብዬ መምህራችንን ልጠይቅ እጄን አወጣሁ። «እሺ ዘሃራ» ሲሉኝ ግን «ሽንት ቤት ልሂድ?» አልኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ምህንድስና ስማር ነፋስ ክንፍን እንዴት እንደሚያነሳ የሚያሳይ ቀመር ሰጡኝ። ለማን እንደሚያነሳው ግን ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔ በዚህ ብልሃት ብዙ ዝንብ አትርፌአለሁ።

ሰማይን ቀና ብሎ ማየት ሁለት ዓይነት መሆኑን እናንተም ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። አንደኛው የጨፋ ሸለቆን ከዓሥር ሰዓት በኋላ የሚያውቅ ሰው የሚያየው ነው። ማሽላው ሳይቸኩል ይወዛወዛል፣ ጭልፊቷ ክንፏን ሳታራግብ ነፋሱ ላይ ተንጠልጥላ ትቆያለች፣ ሰውም አንገቱን አቅንቶ የያዘውን ሥራ ይረሳል። እኔ እንዲህ ስል ብዙ ወጥ አሳርሬአለሁ። ሁለተኛው ቀና ማለት በነዚህ ዓመታት የመጣ ነው። ከላይ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ነገር ሲሰማ የገበያው ወሬ ይቋረጣል፤ ሽንኩርት የሚመርጠው እጅ ባለበት ይቆማል። ሁሉም ቀና ብሎ ድምፁ እስኪርቅ ይጠብቃል። ከዚያ አንዱ «አልሃምዱሊላህ» ይልና ገበያው ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለቱም ቀና ማለት ነው። አንገቱም አንድ ነው።

ወደ ነገሬ ልምጣ። ኤሱማ ሰይድ (እኛ ቤት የእናት ወንድም ኤሱማ ነው የሚባለው) ከሚሴ ውስጥ የብረት ሥራ ቤት አለው። በርና መስኮት ይበይዳል። እኔ ከተመረቅሁ ጀምሮ ጥግ ይዤ መጽሐፍ አነባለሁ፤ በር ሲጣመም ደግሞ ለምን እንደተጣመመ አስረዳዋለሁ። «መጣመሙንስ እኔም አይቼዋለሁ» ይለኛል። ከዚያው ጥግ ሆኜ ነው ክንፉን የሠራሁት። ከፎም፣ ከቀርከሃና ከቀጭን አሉሚኒየም የተሠራ፣ ለትንሽ ሰው አልባ አውሮፕላን የሚሆን፣ ነፋስ ድንገት ሲመታው ጫፉ እንደ ጭልፊቷ ለመጥ የሚልና የማይገለበጥ ክንፍ። ሳልዋሽ፣ ቆንጆ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ኤሱማ ከዞኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብቦ እየሮጠ መጣ። ለአገር መከላከያ የሚሆን የአየር ቴክኖሎጂ ምርምር ያላቸው አነስተኛ ድርጅቶች ይወዳደሩ ይላል። «ዘሁ፣ እኔ በር ስበይድ ዕድሜዬ አለቀ። ያንቺ ግን እዚህ ጥግ ማለቅ የለበትም። የዚህን ክንፍ ንድፍ ላኪው» አለኝ። ላክሁት።

ክንፉ በማይዋዥቅ ፍጥነት መፈተሽ አለበት ተባለ። ሌላ አገር ለዚህ ነፋስ የሚነፍስበት ክፍል አላቸው። እኛ አይሱዙ አለን። ክንፉን ከነመለኪያው ከጋቢናው በላይ ምሰሶ ላይ አሰርነው፤ ሾፌሩ ሙሄ የኤሱማ ጓደኛ ነውና መሪውን ያዘ፤ እኔ ባዶው ጭነት ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ክንፉን እያየሁ ሸለቆውን ወረድን። የዚያን ቀን ደስታዬን አትጠይቁኝ። ደመናው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የክንፉ ጫፍ ይተነፍሳል፣ እኔ መሬት ላይ መሆኔን ረስቻለሁ። ብቻ አሁንም አሁንም መኪናው ዝግ ይላል፤ ሙሄ መንገድ ዳር ያገኘውን ሁሉ በኦሮምኛ ሰላም ሲል እሰማለሁ፦ «አካም ጅርታ? ነጋ? እጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ?» ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቶቹ። «ነጋ፣ አልሃምዱሊላህ!» ከዚያ እንደገና እንበራለን።

ከገምጋሚዎቹ የመጣው መልስ በትሕትና የተጻፈ ነበር። «ፍጥነቱ አሥራ አንድ ጊዜ ያለ ምክንያት ወርዷል፤ ፈተናው ይደገም» ይላል። ያለ ምክንያት! ሙሄ ያለ ሰላምታ እንደገና መንዳት እንዳለበት ሲሰማ መሪውን ትቶ ወረደ። «ሰላም ሳልል ልለፍ? በሽማግሌ ፊት? ነገ በየትኛው ፊቴ ልመለስ?» ኤሱማ ለመነው፣ እኔም በዓይኔ ለመንሁት። በመጨረሻ ሙሄ መስኮቱን ዘጋ፣ አንገቱን እንደ ግንድ አደረቀ፣ ሸለቆውን እንደ ባዕድ ሰንጥቆት አለፈ። የመለኪያው መስመር እንደ ማስመሪያ ቀጥ አለ። ላክነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አራት ሽማግሌዎች ሥራ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ሊያስታርቁ ነው የመጡት። ሙሄን ከሸለቆው ጋር!

«ሙሄ፣ ምን አስቀየምንህ?» አሉ አባባ አወል፣ ከመካከላቸው ትልቁ።

«ወላሂ ምንም!»

«እጄን አንስቼ ተጣራሁ እኮ። እንደ አጥር ምሰሶ አልፈኸኛል።»

«ልጅቷ ናት አባባ! ሰላምታ ነፋሱን ያበላሻል ብላ!»

«ሱብሃነላህ! ሰላምታ ስንቱን ሲያበጅ ነው የማውቀው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አልተከፈተችም፤ አስረዳሁ። አባባ አወል ክንፉን በመዳፋቸው እንደ ጥጃ ጀርባ ዳበሱት።

«ይሄ ሲበር ከላይ ያየናል?»

«ካሜራ ከተገጠመለት አዎ፣ አባባ።»

«እኛስ ማን እንደላከው እናውቃለን?»

«አይ... አናውቅም።»

«ሰላም ይላል?»

ሁሉም ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። «የምሬን ነው ልጄ። ሰላም ሳይል የሚያልፍ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ የሚደብቀው አለ። ሙሄን ልናስታርቅ የመጣነው በሩን ስለምናውቀው ነው። የዚህን በር ማን ያውቃል? አንኳኩተን ምን አስቀየምንህ የምንለው የት ሄደን ነው?» አሉ። ከዚያ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ብለው ለእኔም፣ ለሙሄም፣ ለክንፉም ዱዓ አደረጉና ሄዱ።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያውን ዙር አልፈናል። ለሁለተኛው ሁለት ነገር ይቀራል፦ ገለጻ፣ እሱም በኢንተርኔት ይቻላል፣ ካሜራ ማብራትም ግዴታ አይደለም (ለእንደኔ ዓይነቷ ጀነት ነው)፤ ሌላው ደግሞ ከርክክብ በኋላ የክንፉ አጠቃቀም አመልካቿን እንደማይመለከት የሚገልጽ ቅጽ ላይ ፊርማ።

«ፈርሚ» አለ ኤሱማ። «እኔ የሠራሁትን በር ማን እንደሚዘጋው፣ በማን ላይ እንደሚዘጋው አውቃለሁ? አገርም እኮ እንደ ቤት በር ያስፈልጋታል።» እውነቱን ነው። አባባ አወልም እውነታቸውን ነው። ሁለት ውሸት ቢገጥመኝ በቀላሉ አንዱን በመረጥሁ ነበር፤ ሁለት እውነት ናቸው ያስቸገሩኝ። ለሦስት ቀን ከመጽሐፌ አንድ ገጽ አልገለጥሁም። እምቢ ብል ጥጌ ይጠብቀኛል፤ እሺ ብልም ካሜራዬን አጥፍቼ እዚያው ጥግ ነኝ። ለካ ሁለቱም መደበቂያ ናቸው።

በአራተኛው ቀን ለኤሱማ ነገርኩት። በኢንተርኔት አልገልጽም፤ አዲስ አበባ ራሴ እሄዳለሁ።

«አንቺ? ሰው ፊት?» ብየዳውን አቆመ።

«እኔ። ሰው ፊት።»

ክንፉ በማን ሰማይ እንደሚያልፍ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ ከሥር ያለው ሰው ቅር ቢለው የማንን በር እንደሚያንኳኳ እጠይቃቸዋለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ ይንቀጠቀጥ። ኤሱማ እያጉረመረመ ክንፉን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አሰረልኝ። ማክሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ እሳፈራለሁ፤ ቅጹን ሳልፈርምበት ይዣለሁ። ከጠረጴዛው ወዲያ «እኔ ነኝ፣ በሬም ይኸውና» የሚል ሰው ካገኘሁ እፈርማለሁ። ካላገኘሁ ለክንፉም የመመለሻ ቲኬት እቆርጥለታለሁ።